በሊትር 6 ኪሎ ሜትር

እሑድ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

የነቢያት ጾም ከገባ ወዲህ የወተት ገበያው እንደ ልማዱ ስለቀዘቀዘ፣ ወተት ለማምጣት ከአዲስ አበባ ሸኖ የማደርገው ምልልስ በየቀኑ መሆኑ ቀርቶ አንድ ቀን እያለፈ ሆኗል። በዚህ ያተረፍሁትን ጊዜ ከሞላ ጎደል ያሳለፍሁት ከአባቴ በተረከብኳት የ94 ሞዴል ቶዮታ ሃይሉክስ ሥር ተኝቼ፣ አለዚያም ጋራዥ በር ላይ ቆሜ ነው። ገቢ በሚቀንስበት ወር ለመኪና ገንዘብ ማውጣት የተገላቢጦሽ እንደሚመስል አውቃለሁ። ነገር ግን ናፍጣ በሊትር 90 ብር ከ28 ሳንቲም ከገባ በኋላ ለአንድ ደርሶ መልስ 24 ሊትር መቅዳት፣ ማለትም ወተቱ ገና ሳይሸጥ ከ2,100 ብር በላይ ማቃጠል፣ ሥራውን ለማደያው የምሠራለት እንዲመስለኝ አድርጎኝ ነበር።

ያማከርሁት ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፤ «አርጅታለች፣ ሽጣት።» ሽጬ ምን ልገዛ? በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ የእኔን መኪና በሸጥሁበት ዋጋ ከእርሷ የምትሻል ፒክአፕ አገኛለሁ ብሎ ማሰብ ዘበት ነው። እርጅናዋም ቢሆን በቂ ምክንያት ሆኖ አልታየኝም። ስሪ ኤል የሚባለው ባለ 2.8 ሊትር ሞተሯ ኮምፒውተር የማያውቅ፣ ናፍጣውን በሜካኒካል ፖምፓ የሚያገኝ ሞተር ነው፤ ዘይት አይበላም፤ ኮምፕረሽኑም ተለክቶ ደህና ሆኖ ተገኝቷል። አባቴ በሊብሬው መያዣ ውስጥ ትቷት ባለፈው ትንሽ ደብተር ላይ፣ በእርሱ ዘመን ይህችው መኪና በሊትር 9 ኪሎ ሜትር ትሄድ እንደነበር በእጅ ጽሑፉ ሰፍሯል። ስለዚህ ጥያቄዬ፣ ከ9 ወደ አሁኑ 6 ያወረዳት ዕድሜዋ ነው ወይስ እኛ ያደረግንባት ነገር አለ የሚል ሆነ።

አንድም ብሎን ከመፍታቴ በፊት ልኬት ያዝሁ። ከዚያው ማደያ፣ ከዚያው መቅጃ ፉል አስደርጌ፣ የናፍጣው አረፋ እስኪወርድ ጠብቄ አፉ ድረስ አስሞላሁ፤ ሸኖ ደርሼ ስመለስም እንዲሁ አደረግሁ። ያለፉት ወራት ሒሳብ ደግሞ የቴሌብር መልእክቶቼ ውስጥ ተቀምጦ ስለነበር፣ የከፈልሁትን ለሊትሩ ዋጋ እያካፈልሁ አመሳከርሁት። በዚህ መካከል ያልጠበቅሁት ነገር ብቅ አለ። መንገዱ በስልኬ ካርታ ሲለካ ደርሶ መልስ 150 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ የመኪናዋ ቆጣሪ ግን 143 ብቻ ይላል። ከሦስት ዓመት በፊት ለቁመናዋ ብዬ የቀየርኋቸው ጎማዎች ከፋብሪካ ከወጣችበት ልክ ስለሚተልቁ፣ በአንድ ዙር የሚሸፍኑት መንገድ 5 በመቶ ገደማ ይረዝማል፤ ቆጣሪው ግን የሚያውቀው የዱሮውን ጎማ ነው። ስለዚህ 6 የምለው ቁጥር በእውነቱ 6 ከሩብ ነበር። ትልቁ ጎማ በሌላ በኩል ከባድና ሰፊ በመሆኑ የራሱን ናፍጣ ይበላል፤ ይህም የራሴ ሥራ ነው።

ትልቁ ግኝት ግን ቴርሞስታቱ ነው፤ ወይም የቴርሞስታቱ አለመኖር። መኪናዋ የሙቀት መለኪያዋ ከታችኛው መስመር ብዙም ከፍ ሳይል ስትሄድ ለዓመታት እያየሁ፣ «አትሞቅም፣ ጎበዝ ናት» እያልሁ እኩራራባት ነበር። የአሁኑ መካኒኬ፣ ጋሼ የምላቸው አዛውንት፣ ይህን ሲሰሙ ሳቁብኝ። «ልጄ፣ የማይሞቅ ሞተር ጤነኛ አይደለም፤ ብርድ የመታው ነው» አሉና የውሃ መውጫውን ክዳን ፈትተው ባዶውን ቦታ አሳዩኝ። አባቴ በአንድ ወቅት መንገድ ላይ ሞቃበት፣ ያገኘው መካኒክ «ይህ ለበረዶ አገር የተሠራ ነው፣ ለእኛ አያስፈልግም» ብሎ አውጥቶ እንደጣለው ትዝ ይለኛል፤ በአገራችን ጋራዦች ይህ አባባል እንደ ሕግ የሚነገር ነው። የጊዜው ጥፋተኛ የተደፈነ ራዲያተር ይሁን ሌላ፣ ማንም መልሶ አልመረመረውም። ቴርሞስታት የሚያደርገው ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ መዝጋት ነው። እርሱ ከሌለ ውሃው ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ሲቀዘቅዝ ይውላል፤ ዘይቱ እንደወፈረ፣ ናፍጣውም በወጉ ሳይቃጠል ይቀራል። ለበረዶ አገር ነው ያለው ሰው፣ በኅዳር ንጋት በ11 ሰዓት ሸኖ ላይ አመዳይ የለበሰውን ሣር ቢያየው ምን ይል እንደነበር እንጃ።

የመኪና ዕቃ ከሚሸጥበት ከሶማሌ ተራ የገዛሁትን ቴርሞስታት ጋሼ በቀጥታ አልገጠሙትም። ጋራዡ በር ላይ ቡና ከምታፈላው ልጅ አንድ ድስት ተውሰው፣ ውሃ ሞልተው ከሰሉ ላይ ጣዱና ቴርሞስታቱን በቀጭን ሽቦ አንጠልጥለው ነከሩት። ጀርባው ላይ 82 የሚል ቁጥር ተቀርጾበታል፤ በዚያ ዲግሪ መከፈት መጀመር አለበት ማለት ነው። የአዲስ አበባ ውሃ በከፍታው ምክንያት የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ወደ 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ስለዚህ ውሃው ከመንተክተኩ በፊት ካልተከፈተ ዕቃው የማይረባ ነው። ሁለታችንም ድስቱ ላይ አጎንብሰን ስንጠብቅ፣ ትንንሽ አረፋዎች ከታች መነሳት ሲጀምሩ መሐሉ ያለው ክብ ናስ ቀስ ብሎ ወደ ታች ወረደና ጠርዙ ላይ የጨረቃ ልደት የሚመስል ክፍተት ታየ። ልጅቷ በድስቷ ምትክ አዲስ ድስት እንድንገዛላት ጠየቀች፤ ተገቢም ነበር።

ከተገጠመ በኋላ በመጀመሪያው ጉዞ ለገጣፎን ሳናልፍ መለኪያው መሐል ላይ ደርሶ ቆመ፤ ተበላሽቷል ብለን የተውነው የጋቢናው ማሞቂያም ሞቃት አየር መንፋት ጀመረ። ረዳቴ ለዓመታት በጋቢ ተጠቅልሎ ሲጓዝ ከርሞ፣ እጁን በማሞቂያው አፍ ላይ ዘርግቶ እስከ አለልቱ አላነሳውም።

ፖምፓው ሌላ ታሪክ አለው። ከፍታ ላይ አየሩ ሳሳ ስለሚል፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚያገኘው ኦክሲጅን ይቀንሳል፤ የሚረጨው ናፍጣ ካልቀነሰ ትርፉ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። እኛ ጋ የሆነው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ መኪናዋ ዳገት ላይ ደከመች ሲባል፣ አንድ ሰው የፖምፓውን ማሸጊያ ሽቦ በጥሶ የናፍጣ መጨመሪያውን ቪቴ አጥብቆታል። ጋሼ በአንድ ጊዜ ሩብ ዙር እየመለሱ፣ በየጊዜው እኔን ዳገት እያስወጡ፣ ጭሱ እስኪቀል ድረስ ሦስት ጊዜ ደጋገሙት። አሁን ወደ ሸኖ ስንወጣ አንዳንድ ቦታ ላይ አራተኛ የነበረውን በሦስተኛ ማርሽ መግፋት ግድ ሆኖብኛል፤ ይህን ሳልደብቅ እጽፋለሁ፤ ጉልበቷ ቀንሷል።

ከኋላ በግራ በኩል ያለው ፍሬን ይዞ መቅረቱን ያገኘሁት እኔ ራሴ ነኝ። ሰንዳፋ ላይ ቆሜ ቸርኬዎቹን በእጄ ስዳስስ አንዱ አላስነካ አለኝ። ቤት ስደርስ በክሪክ አንስቼ ብገፋው ግማሽ ዙር ሳይሞላ ቆመ፤ የእጅ ፍሬኑ ገመድ ዝጎ ሸራውን ከታምቡሩ ሳያላቅቅ ቀርቷል። ስንት ወር እንደዚያ እንደነዳሁ እግዜር ይወቀው።

የቀረው የእኔው አመል ነው። በየወተት መሰብሰቢያው ሞተሩን ሳላጠፋ የምቆመው ስንፍና አልነበረም፤ ሞተሩን ለማስነሳት ከሚያሞቁት አራት ካንዴሌታዎች ሁለቱ ስለሞቱ ጠዋት በብርዱ መልሳ አትነሳም ብዬ ነው። ሁለቱ ሲቀየሩ ሰበቡም ቀረ። ስንመለስ ቁልቁለቱን በፎሌ፣ ማለትም ያለ ማርሽ፣ መልቀቅ ደግሞ ነዳጅ ይቆጥባል ብለው ያስተማሩኝ የቀድሞ ሾፌሮች ናቸው። ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ ግን ፖምፓው ራሱ ናፍጣውን ያቋርጣል፤ በፎሌ ሲሆን ሞተሩ እንዳይጠፋ ሚኒሞውን፣ ማለትም ዝቅተኛ ዙሩን፣ ለመጠበቅ መርጨቱን ይቀጥላል። በዚያ ላይ ፍሬን ብቻውን የሚይዘው ከባድ መኪና ይሆናል። በሰዓት 100 መሄዴንም ትቼ በ80 ወርጃለሁ፤ ወተቱ በ20 ደቂቃ ዘግይቶ አልተበላሸም።

ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ ልኬቱን ልድገም ስል አንድ ነገር ቆረቆረኝ። በጾሙ ምክንያት የምጭነው ከግማሽ በታች ስለሆነ፣ ቁጥሩ ቢሻሻል የቀለለው ጭነት ይሁን የተጠገነችው መኪና መለየት አይቻልም። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ሸኖ ላይ፣ ባዶ የቀሩትን የአሉሚኒየም የወተት ዕቃዎች ከቧንቧ ውሃ ሞላኋቸው። እያንዳንዱ 40 ሊትር ይይዛል፤ አሥራ አራቱ ሲሞሉ በጾም ያልሆነ ቀን የምጭነውን ያህል ይመዝናሉ። ረዳቴ ቧንቧውን ይዞ፣ እኔ እየከደንሁ ሳለ፣ ወተት ከሚያቀርቡልኝ መካከል አንዲት እናት በመንገዱ ሲያልፉ ቆመው አዩን። የወተት ነጋዴ የወተት ዕቃ ውሃ ሲሞላ ያየ ሰው ምን እንደሚያስብ ግልጽ ነው።

«ልጄ፣ በጾሙ እንኳ አታርፉም?» አሉኝ።

ደብተሬን አውጥቼ፣ ስለ ናፍጣውና ስለ ክብደቱ ላስረዳቸው ሞከርሁ። አንገታቸውን እየነቀነቁ አዳመጡኝና «ይሁን» ብለው ሄዱ። በየጊዜው የእሳቸውን ወተት ውሃ እንዳልተቀላቀለበት በላክቶሜትር የምፈትነው እኔ ነኝ።

ማደያው ስመለስ 18 ሊትር ገባ። 150 ለ18 ሲካፈል በሊትር 8.3 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ በአንድ ደርሶ መልስ የ6 ሊትር፣ ማለትም የ540 ብር ልዩነት ነው። የአባቴ 9 ላይ አልደረስሁም፤ ጎማዎቹ እስኪያልቁ የምደርስም አይመስለኝም፤ ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጩትን ኢንጀክተሮችም ከገና በኋላ አስፈትሻቸዋለሁ። ውሃውን ማታ ለጎረቤት አከፋፈልሁት፤ ሰፈራችን ፈረቃው ያልደረሰበት ቀን ስለነበር አንድም ጠብታ አልተረፈ።

ትናንት ሸኖ ስደርስ እኒያ እናት ወተታቸውን ይዘው ቀድመው ቆመው ነበር። ከመቅዳታቸው በፊት ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እየከፈቱ ውስጣቸውን አዩ።