አሞራ ገደል ላይ የሐይቁን ወቅት ከገበያው ወቅት መለየት

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ጠዋት የገባ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው አባ ኮዳ ላይ ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ተኩል የሚደርስ፣ ራሱ የተመለጠ፣ ከአንገቱ ሥር ሮዝ ከረጢት የሚንጠለጠልበት ይህ ወፍ ፊሌቶ ከሚያወጡት ልጆች አጠገብ ቆሞ የዓሣ ሆድ ዕቃ ይጠብቃል። አንድ ወር በዝቶ ሌላ ወር ሲሳሳ «ወቅቱ ነው» ይባልና ይታለፋል። የዳርቻውን ወፎች በቋሚ መርሐ ግብር ስቆጥር የተረዳሁት ትልቁ ነገር ግን እዚህ ቦታ ሁለት የዘመን መቁጠሪያ መኖሩን ነው፤ አንዱ የዝናብና የውሃ፣ ሌላው የጾምና የገበያ። ሁለቱ ሳይለዩ የተመዘገበ ቁጥር ስለ ወፉ ብዙም አይናገርም።

መጀመሪያ የተስተካከለው የቆጠራው ቀን ነው። በየሳምንቱ ቅዳሜ መሄድ ለሰው ይመቻል፣ ለመረጃው ግን መጥፎ ነው፤ ሁሌም የቅዳሜን ገበያ ብቻ ያሳያል። ረቡዕና ዓርብ የዓሣ ፈላጊው ሁኔታ ከሌላው ቀን ይለያል። ስለዚህ በወሩ 1፣ 11 እና 21 ቀን እቆጥራለሁ። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ልዩነቱ ሁልጊዜ 10 ቀን ነው (ጳጉሜን ብቻ ጥቂት ታስረዝመዋለች)፣ ቀኑም እየዞረ ሁሉንም የሳምንቱን ቀናት ያዳርሳል። በዓመት 36 ቆጠራ ይሆናል።

ሰዓቱ ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 2፡30 ነው። አሞራ ገደል ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ነው፤ ጠዋት ፀሐይዋ ከጀርባ ሆና ውሃው ላይ ያለውን ሁሉ ታበራለች። ከሰዓት በኋላ ግን ብርሃኑ ፊት ለፊት ይመጣል፣ ወፉ ጥቁር ጥላ ብቻ ይሆናል፣ ነፋሱም ማዕበል ያነሳል። በማዕበል ላይ ያለ ዳክዬ ግማሹን ጊዜ አይታይም፤ ከሰዓት የተቆጠረ ሁልጊዜ ያንሳል።

ቆሜ የምቆጥርባቸው አራት ቦታዎች አሉኝ፦ ጀልባዎቹ የሚራገፉበት፣ ትልልቆቹ ዛፎች ሥር፣ የፊላውና የደንገሉ ጠርዝ፣ እንዲሁም ወደ ፍቅር ሐይቅ (በዚሁ ሐይቅ ዳር ያለ መዝናኛ ቦታ) የሚወስደው የዳርቻ መንገድ ላይ አንድ ክፍት ቦታ። በእያንዳንዱ 15 ደቂቃ፤ አይረዝምም፣ አያጥርም። የደንገሉን ጠርዝ መጨረሻ ላይ ያደረግሁት ጉማሬ ሌሊት ሣር ሊግጥ ወጥቶ ወደ ውሃ የሚመለሰው ማለዳ በመሆኑ ነው። በጉማሬና በውሃው መካከል መቆም ለሕይወት አደጋ ነው፤ ጎህ ሲቀድ ያ ቦታ ላይ መገኘት አይገባም።

ባይኖኩላሩ 8 ጊዜ የሚያቀርብና የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ ቢሆን ይበቃል። 10 ጊዜ የሚያቀርበው የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ስለሚያጎላ ረጅም ቆጠራ ላይ ያደክማል። የምጽፈው በእርሳስ ነው፤ እስክሪብቶ በካፊያ ይፈስሳል። መንጋ ሲሆን አሥሩን በትክክል ቆጥሬ ያ አሥር የሚይዘውን ስፋት በዓይኔ እይዝና በዚያ ልክ መንጋውን እከፍላለሁ። ሁለት ጊዜ ቆጥሬ ልዩነቱ ከአንድ አሥረኛ ከበለጠ ሦስተኛ እደግማለሁ።

አሁን ወደ አባ ኮዳ። መንጋውን እንዳለ በአንድ ቁጥር መጻፍ ዋናው ስህተት ነው። ለእሱ ሦስት ዓምድ ያስፈልጋል፦ መሬት ላይ ተረፈ ዓሣ የሚጠብቁ፣ ዛፍ ላይ ያረፉ፣ ጎጆ ላይ ያሉ። ከጎኑ ደግሞ የተረፈ ዓሣው መጠን ከ0 እስከ 3 ይጻፋል፤ 0 ማለት መሬቱ ንጹሕ ነው፣ 3 ማለት ወፎቹ ጠግበው የተጣለውን ትተውታል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ዓሣ ፈላጊው ይበዛል፣ ቆሮሶውም አምባዛውም በብዛት ይጸዳል፣ መሬት ላይ ያለው አባ ኮዳም ይጨምራል። ፋሲካ አልፎ ሰው ወደ ሥጋ ሲመለስ ይሳሳል። ችግሩ አባ ኮዳ የሚራባው በደረቁ ወራት መሆኑ ነው፤ ሁለቱ ምክንያቶች በበጋው ላይ ይደራረባሉ። ለዚህ ነው የጎጆው ዓምድ ለብቻው የሚያስፈልገው። የተረፈ ዓሣው መጠን እኩል የሆነባቸውን ቀናት ብቻ እርስ በርስ አወዳድራለሁ። የመሬቱ ቁጥር ወርዶ የጎጆው ካልተነካ ወፉ አልሄደም፤ የሄደው ምግቡ ነው።

ሌላው መፈተኛ ራሳቸው የሚያጠምዱት ወፎች ናቸው። ዓሣ አዳኙ ንስር እና ጥቁርና ነጩ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ከገበያው ምንም አይጠብቁም። ጥቁርና ነጩ ውሃው ላይ አንድ ቦታ ክንፉን እያርገበገበ ተንጠልጥሎ ቁልቁል ይወረወራል፤ ደረቱ ላይ ሁለት ጥቁር መቀነት ያለው ወንዱ ነው፣ ሴቷ አንድ፣ እሱም መሐሉ የተቋረጠ ነው። የእነዚህ ቁጥር ሲወርድ ጥያቄው ስለ ውሃው ይሆናል፤ ማዕበል ነበር ወይ? ውሃው ደፍርሷል ወይ?

ውሃው ምን ያህል እንደጠራ ለመለካት ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ከቀለም ቆርቆሮ ክዳን 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ይቆረጥና አራት ቦታ ተከፍሎ ጥቁርና ነጭ ይቀባል፤ መሐሉ ላይ ከባድ ቡሎን ይታሰርበታል። ገመዱ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ይቋጠራል፣ ግን መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ተነክሮ፤ ደረቅ ገመድ ላይ የተቋጠረ ልኬት ሲረጥብ ይዛባል። ክቡ ከዓይን የጠፋበትና ሲሳብ ተመልሶ የታየበት ጥልቀት ይደመርና ለሁለት ይካፈላል። ከጀልባ ሲሆን በጥላው በኩል ይለካል፤ የፀሐይ ነጸብራቅ ቁጥሩን ያሳንሰዋል።

የውሃውን ከፍታ የማነበው በማይነቃነቅ ነገር ላይ ካለ ምልክት ነው፣ ለምሳሌ የኮንክሪት ጠርዝ። የተተከለ እንጨት በጭቃ ውስጥ ይሰምጣል፣ ጀልባም ይገፋዋል። ማዕበል ካለ የላይኛውና የታችኛው ይነበባል፤ 64 እና 58 ከሆነ 61 ይጻፋል። የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣበት ወንዝ የለውም፤ ጥቁር ውሃ ወንዝና ዝናቡ ይሞሉታል፣ ፀሐይ ታተነዋለች። ስለዚህ ሐይቁ ዝናቡን ወዲያው አይከተልም። ሰማዩ መስከረም ላይ ጠርቶ ውሃው ገና ከፍ እያለ ሊሄድ ይችላል። ከፍ ሲል የዳርቻው ጭቃ ይሰወራል፤ ጭቃ ላይ የሚለቅሙ ባለ ረጅም እግር ወፎች መቆሚያ ያጣሉ። በዚያ ጊዜ እነሱን አለማየት የመምጫቸው ጊዜ አልደረሰም ማለት አይደለም።

ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ከነሐሴ ጀምሮ በየተራ ይገባሉ። ድንጋይ ላይ ቆማ ኋላዋን ሳታቋርጥ የምትወዘውዘው ትንሿ የዳርቻ ወፍ ከቀዳሚዎቹ ናት። ሆዷ ቢጫ የሆነው ጅራተ ረጅም በመስከረምና በጥቅምት ትደርሳለች፤ ሣሩ ላይ ትሮጣለች እንጂ አትዘልም። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ይመለሳሉ። መጀመሪያ የታዩበትን ቀን ሁሉም ሰው ይጽፋል፤ የመጨረሻውን ግን የሚጽፍ ጥቂት ነው፣ ምክንያቱም መጨረሻ መሆኑ የሚታወቀው ካለፈ በኋላ ነው። መፍትሔው «አልታየም»ን እንደ ቁጥር 0 ብሎ መጻፍ ነው። ባዶ ቦታና 0 አንድ አይደሉም።

የሄዱ የሚመስሉ ያልሄዱም አሉ። ክረምት ላይ ደንገሉን በእሳት ቀለም የሚያደምቀው ቀይ ወፍ በበጋ ላባውን ይቀይርና ሴቷን ይመስላል፤ ተራ ድንቢጥ ነው ተብሎ ይታለፋል። ሰማያዊዋ ትንሽ ዓሣ አጥማጅም እንዲሁ፤ ያደገችው መንቁሯ ቀይ ነው፣ የጫጩትነት ጊዜዋን ገና ያልጨረሰችው ጥቁር። ሁለት ዓይነት ወፍ ተደርጋ መመዝገብ የለባትም። ይልቅ ጥቁር መንቁር የታየበት ቀን እርባታው መሳካቱን ይነግራል።

ከዛፎቹ ሥር ጉሬዛም ይቆጠራል። ግልገሉ ሲወለድ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው፤ በሦስት አራት ወር ጥቁርና ነጩን ይይዛል። ስለዚህ ነጭ ግልገል ከታየ የትውልዱን ጊዜ በጥቂት ወራት ስፋት መገመት ይቻላል። ዳቦ እየዘረጉ ወደ መሬት ማውረድ ግን መቆም አለበት፤ ጉሬዛ ቅጠል በል ነው፣ ሆዱ ቅጠል የሚያብላሉ ረቂቅ ሕዋሳት የሚኖሩበት ነው፣ ዳቦና ጣፋጭ ያንን ያበላሹበታል። ለቆጠራውም ጎጂ ነው፤ ከየዛፉ የሚሰበሰቡትን አንድ መንጋ ያስመስላቸዋል።

መዝገቡን ወደ ኢበርድ (የወፍ ምልከታ የሚመዘገብበት የኢንተርኔት መዝገብ) ለሚያስገባ ሰው ሁለት ነገር። ከጠዋቱ 1፡00 ብሎ የጻፈ 7፡00 ብሎ ማስገባት አለበት፤ አለዚያ ፔሊካኑ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የታየ ይሆናል። ቀኑም በቋሚ ልዩነት አይቀየርም። መስከረም 1 ብዙውን ጊዜ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ይውላል፤ ከባለ ስድስት ቀን ጳጉሜን በኋላ ግን 12 ነው፣ እስከ የካቲት 21 ድረስም አንድ ቀን ይዞ ይሄዳል። የመጀመሪያው ስደተኛ የገባበትን ቀን ከዓመት ዓመት የሚያወዳድር ሰው ይህን አንድ ቀን በስሌቱ ማስገባቱን ያረጋግጥ።