ካዛንቺስ፣ ከቶታል ወረድ ብሎ

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ደብሮኛል። ዝናቡ ሊሆን ይችላል፣ የማሚ ድምፅ ስልክ ላይ ደከም ማለቱም ሊሆን ይችላል፣ ብቻ ምንም ነገር ልቤ ውስጥ አልገባ ብሎኝ ዋልኩ። ከሰዓት ላይ የጃኬቴ ዚፕ አልዘጋ ሲለኝ የሚቀይርልኝ ሰው ልፈልግ ብዬ ስልኬን አወጣሁና "ዚፕ ቅየራ ካዛንቺስ" ብዬ ጻፍኩ። የምኖረው ጎሮ ነው። ጎሮ ደሞ ልብስ ሰፊ ሞልቷል፣ ከግቢ ወጥቼ ግራ ቀኝ ባይ አላጣም። ግን የተበላሸ ነገር ሲኖረኝ፣ ጫማ ይሁን ሰዓት ይሁን ስልክ፣ እጄ የሚጽፈው ያደግኩበትን ሰፈር ነው፣ ምክንያቱም እዛ ማን ምን እንደሚሠራ አውቅ ነበራ።

ካርታው ያወጣልኝን ሳይ ዚፑን ረሳሁት።

ሰፈሩ በ2017 መጀመሪያ ላይ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ጎረቤቶቻችን ገሚሶቹ ገላን ጉራ ገቡ፣ ገሚሶቹ የትም የትም ተበተኑ። ካርታው ላይ ግን ብዙዎቹ ቤቶች አሁንም አሉ። አንዳንዶቹ ላይ በቀይ "በቋሚነት ተዘግቷል" ይላል፣ የቀሩትን ግን መፍረሳቸውን የነገረለት ሰው የለም መሰለኝ እንደተከፈቱ ናቸው፣ ሰዓታቸው ሳይቀር ተጽፏል። አንዲት ጁስ ቤት አለች፣ ፎቶዋ ላይ ስፕሪስ በረጅም ብርጭቆ፣ አቮካዶው ከታች ማንጎው ከላይ፣ ጠርዙ ላይ ሎሚ ተሰክቶበት፣ ከኋላ ቀይ የፕላስቲክ ወንበር ይታያል። ከሥሩ አንድ የማላውቀው ሰው "ከቶታል ወረድ ብሎ በግራ ገባ ስትሉ ሰማያዊ በር አለ፣ ካልሆነ ሰው ጠይቁ ያሳዩአችኋል" ብሎ ጽፏል። ደጋግሜ አነበብኩት። በሩን አውቀዋለሁ፣ ቀለሙ ከታች በኩል ተልጦ ዝገቱ ይታይ ነበር። ሰውዬው ማንም ሳያስገድደው፣ ለማያውቀው ሰው አስቦ፣ መንገድ አሳይቷል። አሁን የሚጠየቀው ሰውም የለም በሩም የለም፣ መልክቱ ግን አለ።

እኛ አገር አድራሻ ማለት እኮ ይሄ ነው። ክፍለ ከተማና ወረዳና የቤት ቁጥር የምንጽፈው ባንክ ስንሄድና መታወቂያ ስናወጣ ነው፣ ለሰው ስንነግር ወረድ ብሎ፣ ገባ ብሎ፣ አለፍ ብሎ፣ ሳይደርስ፣ ከጀርባ፣ ፊት ለፊት ነው። ከዛም አልፎ "በፊት እንትን የነበረበት" የሚባል አለ፣ ይሄን በጣም እወደዋለሁ፣ የሌለ ነገር ምልክት የሚሆንበት አድራሻ። ሰባራ ባቡር ያው ስሙን ያገኘው ተበላሽቶ እዛው ከቀረ የመንገድ መዳመጫ አይደል፣ መዳመጫው ስንት ዘመን ሆኖታል፣ ሰዉ ግን ዛሬም ሰባራ ባቡር ውረድ ይባባላል። መፈለጊያው ላይ እነዚህን ነገሮች የምትጽፍበት ቦታ የለም። "ሳይደርስ" ብለህ ብትጽፍ አይገባውም፣ ስለዚህ ሁሉን ነገር ትተህ አንድ ስም ብቻ ትጽፋለህ፣ መገናኛ፣ ሳሪስ፣ አየር ጤና፣ ከዛ ስትደርስ ትደውላለህ። የራይድ ሹፌሩም ካርታውን እያየ ያው ደውሎ "የት ጋር ነሽ?" ይላል።

ስሙም ቢሆን ቀላል አይደለም። ካዛንቺስን በላቲን በኬ የሚጽፍ አለ በሲ የሚጽፍ አለ፣ ፒያሳን በሁለት ዜድ በሁለት ኤስ፣ ሃያ ሁለትን በቁጥር በፊደል፣ በሃሌታው ሀ በሐመሩ ሐ። ባለ ሱቁ በአንዱ ጽፎ ቁጭ ይላል፣ ደንበኛው በሌላው ይፈልጋል፣ አንድ መንገድ ላይ ሆነው ሳይገናኙ ይቀራሉ። የአገር ስም የያዙ ሰፈሮችማ ሌላ ጉድ ናቸው። በላቲን ጽፈህ ሜክሲኮ ምግብ ቤት ብትል የሜክሲኮ ምግብ ይዞልህ ይመጣል፣ ሩዋንዳ ስትል ኪጋሊ፣ ቡልጋሪያ ስትል ሶፊያ፣ ፈረንሳይን ተዉት። ሜክሲኮ አደባባይ ስሙን ያገኘው እኮ ጣሊያን አገራችንን ሲወር ወረራውን አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ስለነበረች ነው፣ እነሱም ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ኢትዮጵያ የሚባል የሜትሮ ፌርማታ አላቸው። እና አሁን እዛ የሆነች ልጅ በዝናብ ተይዛ "ኢትዮጵያ ፋርማሲ" ብላ እየጻፈች የአዲስ አበባ ፋርማሲዎች ይመጡባት ይሆን እላለሁ። ቢመጡባት ደስ ይለኛል፣ ከልቤ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚያናድደኝ የቦሌ ነገር ነው። ሰው ቦሌ ብሎ እንደሚፈልግ ደላሎች ስላወቁ ሁሉም ነገር ቦሌ ሆነ፣ ቴሌግራም ላይ የሚከራይ ቤት ስታዩ "ቦሌ" ይልና ስትደውሉ ቦሌ አራብሳ ነው፣ የከተማው ጫፍ፣ ያውም አሁን ለሚ ኩራ ሥር የገባ። ሰው ከሥራ አስፈቅዶ፣ ሁለት ታክሲ ይዞ የሚሄድበት ነገር ነው፣ አይደለም እንዴ ሰው ላይ መቀለድ የሚባለው? የሰፈር ስም የጋራችን ነው፣ አንዱ ለራሱ ጥቅም ሲጎትተው ለሁላችንም መፈለጊያነቱ ያልቃል።

እህቴ ደሞ አለች፣ ከአሜሪካ ሆና። በዓል በመጣ ቁጥር ለማሚ ኬክ ታዛለች፣ ሁሌ የምትጽፈው "ካዛንቺስ ኬክ ቤት" ነው። የሷ አዲስ አበባ ከሄደችበት ዓመት አልተነቃነቀም፣ ፒያሳም በ2016 አልፈረሰም፣ ዶሮ ማነቂያም አለ፣ ሁሉ ነገር በቦታው ነው። እነግራታለሁ፣ ቪዲዮም ልኬላታለሁ፣ እሺ ትለኛለች፣ በሚቀጥለው በዓል ያንኑ ትጽፋለች። በፊት ይገርመኝ ነበር። ዛሬ ግን እኔ እዚሁ ቁጭ ብዬ፣ በዓይኔ አይቼ፣ ያንኑ ስጽፍ የሷ ገባኝ።

ፀጉር የምትሠራኝ ሴትዮ አለች፣ ድሮ ካዛንቺስ የነበረች። ገላን ጉራ ምድር ቤት ላይ አንዲት ክፍል ተከራይታ ጀምራለች፣ ሁለት ካስክና አንድ መስታወት ይዛ። ካርታ ላይ አስገቢልኝ ብላኝ ነበር፣ ማታ ደወለችልኝ። የድሮ ቦታዋን አንስተን አዲሱን ብናስገባ ሰዎች የጻፉላት ጥሩ ጥሩ ነገር እንዳይጠፋ ፈርታለች፣ አዲስ ሳንከፍት የድሮውን አድራሻ ብቻ ከቀየርን እሱ አብሮ ይሄዳል አልኳት። ችግሩ ሌላ ነው። ጉግል ውጤት ሲደረድር ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ ርቀት ነው፣ ካዛንቺስ ብሎ ለጻፈ ሰው ደግሞ ቅርብ የሚባለው ካዛንቺስ ያለው ነው፣ እሷ አቃቂ ማዶ ሆና የት ትታያለች? ስሟ ላይ ካዛንቺስ ብለን እንዳንጨምር ታፔላው ላይ የሌለ የሰፈር ስም መለጠፍ አይፈቀድም። ይሄን ስነግራት ትንሽ ዝም አለችና "ታፔላው ላይ ካለስ?" አለችኝ።

ታፔላዋ ገና አልተጻፈም። የሚጽፈው ልጅ ቅዳሜ ይመጣል። ካዛንቺስ ብላ ካስጻፈች ስሟ ሆነ ማለት ነው፣ ማንም አይከለክላትም፣ የድሮ ደንበኞቿ፣ ከኛ ሰፈር አብረዋት የሄዱትም ሌላ ቦታ ያሉትም፣ ያገኟታል። ግን እዛ አካባቢ የተወለደች፣ ካዛንቺስን የማታውቅ ልጅ ሹሩባ ልሠራ ብላ ስትፈልግ፣ ገላን ብላ ነው የምትጽፈው፣ የካዛንቺስ የሚል ስም ስታይ ሩቅ ነው ብላ ታልፋታለች። ሁለቱንም ይጻፍ እንዳልላት ታፔላው ትንሽ ነው፣ ልጁም የሚያስከፍላት በፊደል ነው። የቤት ኪራይ አለባት፣ የምትቀልድበት ነገር አይደለም፣ ከድሮዎቹ ስንቱ እዛ ድረስ ታክሲ ይዞ ይመጣል? እኔ ራሴ በወር አንዴም አልሄድ። "አንቺ የተማርሽው ንገሪኝ" አለችኝ፣ አስቤ እደውልልሻለሁ ብዬ ዘጋሁ። ምን ልበላት?