ወጨጫን በአንድ ቀን ወጥቶ መውረድ

ቸርችል ጎዳና ላይ በሚገኝ ሕንፃ ሰባተኛ ፎቅ፣ ወደ ምዕራብ በሚያይ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ለ19 ዓመት ሒሳብ ስመረምር ኖሬአለሁ። ቁጥሩ አልታረቅ ሲለኝ ቀና ብዬ የማየው አንድ ተራራ አለ። ጠዋት ሰማያዊ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ግራጫ ይሆናል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ እንዳልነበረ ይጠፋል። ወጨጫ ነው። ቢሮ እንግዳ ሲመጣ «ያ ጉብ ያለው አናቱ ነው» እያልኩ በጣቴ የማሳየው እኔ ነኝ፤ ርስቴ ይመስል። ባለፈው መስከረም አዲስ የተቀጠረች ልጅ ጣቴን ተከትላ ካየች በኋላ «ወጥተውበት ያውቃሉ፣ እትዬ?» ስትል ጠየቀችኝ። ለመዋሸት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።

53 ዓመቴ ነው። ግራ ጉልበቴ ደረጃ ስወርድ ድምፅ ያሰማል። በየሳምንቱ መጨረሻ በአውቶቡስ ተጭነው ተራራ የሚወጡ የወጣቶች ቡድኖች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ዋጋቸውም ቀላል ነው። ነገር ግን በብዙ ሰው መካከል የመጨረሻዋ መሆን ምን እንደሚመስል ከተማሪ ቤት የስፖርት ክፍለ ጊዜ አስታውሳለሁ፦ ከፊት ያሉት አርፈው ይጠብቁሻል፤ አንቺ ስትደርሺ እነርሱ ይነሣሉ። ዕረፍት የሚባለው ነገር ለአንቺ አይደርስም። ስለዚህ መኪናና አስጎብኚ ለብቻዬ ይዤ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ለመሄድ ወሰንኩ። እኅቴ «ለአንድ ተራራ ይህን ሁሉ ብር!» ብላ አዘነችልኝ። እርሷ ለአንድ ሠርግ ልብስ ያወጣችውን አውቃለሁና አልተከራከርኩም።

የጉዞ ድርጅት ፈልጌ በስልክ ተነጋገርኩ፤ ውሉ መጣልኝ። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ያላነበብኩትን ወረቀት አልፈርምም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የመነሻ ሰዓት አለ፤ የቅድሚያ ክፍያ አለ፤ ብሰርዝ የሚቀጣኝ መቶኛ አለ። ሁለት ነገር ግን የለበትም ነበር፤ ያን ጊዜ ግን አልታየኝም። አንደኛው የመኪናው ዓይነት ነው። ሁለተኛው ደግሞ የሚመራኝ ሰው ተራራውን ያውቀው እንደሆነ ነው።

ቀኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ኅዳር መጨረሻ ዝናቡ ካቆመ ቆይቷል፤ መንገዱ ደርቋል፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። የነቢያት ጾም ስለገባ ቅዳሜን አደረግሁ፤ ቅዳሜ ምግቡ የጾም ቢሆንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት የለብኝም። በሶ፣ የገብስ ቆሎ፣ ሙዝና አንድ ፔርሙዝ ሻይ ያዝኩ። እናቴ የፈተለችውን ጋቢም ጨመርኩ። ጫማው ከመርካቶ የተገዛ ልባሽ ነው፤ ሶሉ ጥልቅ ጥርስ ያለው። ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ገዝቼ በየማታው ከቢሮ ወደ ቤት ፒያሳ ድረስ በእርሱ ዳገቱን እየወጣሁ አለማመድኩት። ካደረግኋቸው ዝግጅቶች ሁሉ ያለ ምንም ጸጸት የማስታውሰው ይህን ነው።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ በር ላይ የቆመው መኪና ትንሽ የቤት መኪና ነበር። ለማሳለፍ ሞከርኩ፤ ሾፌሩ ትሑት ሰው ነው፤ አስጎብኚው ወጣት «እንደምን አደሩ፣ እትዬ» ብሎ ቦርሳዬን ተቀበለኝ። በሜክሲኮ፣ በጦር ኃይሎች፣ በአየር ጤና አልፈን ዓለም ገናን ስናልፍ ጎህ ቀደደ። ሰበታ እስክንደርስ ድረስ አስፋልት ስለሆነ ማንም ምንም አላለም። ከሰበታ ወደ ቀኝ ታጥፈን፣ ወጨጫ ተዳፋት ላይ ወዳለው ሱባ ጫካ የሚወስደውን ኮረኮንች ስንይዝ የመኪናው ሆድ የመጀመሪያውን ድንጋይ ሳመው። ከዚያ በኋላ ሁለተኛውን። ሾፌሩ በየድንጋዩ «እግዜር ይስጥልኝ» እንደሚል ሰው ራሱን ዝቅ ያደርጋል። መጨረሻ ላይ እኔና ወጣቱ ወርደን በእግራችን፣ መኪናው ባዶውን ከፊታችን እያነከሰ ሄድን። አንድ ሰዓት የሚሞላ ጊዜ እዚያ ቀረ። ኅዳር ላይ እንዲህ ከሆነ ሐምሌ ላይ ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ነው። ከመሬት ከፍ ያለ መኪና ብሎ ውሉ ላይ ማጻፍ አንድ መስመር ብቻ ይፈልጋል።

የጫካው መግቢያ ላይ ክፍያው ለብቻ መሆኑን ተረዳሁ፤ «ሁሉንም ያካተተ» የሚለው ቃል እርሱን አላካተተም ነበር። ገና ደረሰኙን እያጠፍኩ ሳለ ወጣቱ ጎን ለጎን መጥቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት። እኔ ጫካውን አውቀዋለሁ፤ ወፎቹንም፣ ዛፎቹንም። ጫፉ ድረስ ግን ወጥቼ አላውቅም።»

ልናደድ ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን ሁለት ወር ሙሉ ከዚያች ልጅ ጥያቄ ስሸሽ የቆየሁ ሰው ነኝና ምን እላለሁ? እዚያው አካባቢ የሚኖሩ፣ በስድሳዎቹ ዕድሜ ያሉ ሰው አገኘን፤ ዘንግ ይዘዋል፤ እግራቸው ላይ ኮንጎ ጫማ አድርገዋል። ዋጋ ተነጋግረን ከፊት ሆኑ። ከመነሣታችን በፊት አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «ሰባት ሰዓት ተኩል ሲሆን የትም ብንሆን እንመለሳለን። እሺ በይኝ፣ እኅቴ።» እሺ አልኳቸው። ያ እሺታ በኋላ ዋጋ አወጣ።

ስለ ጫካው ወጣቱ የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር፤ ለእርሱም የከፈልኩት ብር በከንቱ አልሄደም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት የሚነገርለት ጫካ ነው። ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው ጥድ አለ። ዝግባው ከእርሱ በላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እኛ የከተማ ሰዎች ዛፍ ሲባል በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ነው የሚታየን፤ እዚህ ግን የሸዋ ተራሮች ባሕር ዛፍ ሳያውቁ ምን ይመስሉ እንደነበር ይገኛል። ጉሬዛዎች ከላያችን ነጭ ጭራቸውን እያንዘረፈፉ ዘለሉ። የምኒልክ ድኩላ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጀርባውን ብቻ አየሁ፤ ጥቁር ነበር።

ስሕተቴ የጀመረው እዚያው ጥላ ሥር ነው። የወጨጫ ጫፍ 3,400 ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ይሆናል። ከቆላ ለሚመጣ ሰው ይህ ከባድ ነገር ነው፤ እኛ አዲስ አበቤዎች ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ተኝተን ነው የምናድረው፤ በየሌሊቱ ተራራው ወገብ ላይ እንዳለን ቁጠሩት። ይህን አስልቼ ስለነበር ቸርችልን እንደምወጣው በፍጥነት ጀመርኩ። ሽማግሌውን ቀድሜአቸው ሄድኩ። ከኋላዬ «ሱታ፣ ሱታ» ይላሉ፤ ቀስ፣ ቀስ ማለት ነው። እንዳልሰማ ሆንኩ። ኮሶው እየበዛ ጥዱ እየሳሳ ወደሚሄድበት ስንደርስ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታ ጀመር፤ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጥፏል፤ አንድ ግንድ ላይ ተቀምጬ ሳለከልክ ሽማግሌው በነበሩበት እርምጃ መጥተው፣ ሳይቆሙ፣ አልፈውኝ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ዓይኔን እግራቸው ላይ ተከልኩ። ኮንጎ ጫማው መሬት ሲነካ ከተረከዝ እስከ ጣት አንድ ላይ ያርፋል። የኋላው እግር ቀጥ እንዳለ ለቅጽበት ይቆያል፤ ሰውነታቸው በሙሉ በዚያ አጥንት ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ሌላው ይነሣል። ስለዚህ በእያንዳንዱ እርምጃ ውስጥ ትንሽ ዕረፍት አለ። ዳገቱ ሲበረታ ፊት ለፊት አይገጥሙትም፤ ከብት እንዳወጣው መንገድ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ይቆርጡታል። ዘንጋቸው ሁልጊዜ በላይኛው ወገን ነው። ያንን እየኮረጅኩ ስሄድ ከሁለት ሰዓት በላይ አንድም ጊዜ መቀመጥ አላስፈለገኝም። ማውራትም ቻልኩ። ማውራት ካቃተሽ ፈጥነሻል ማለት ነው አሉኝ፤ ከዚህ የተሻለ መለኪያ እስካሁን አላገኘሁም። ቡድን ውስጥ ብሆን ኖሮ ይህን እርምጃ ማን ይጠብቅልኝ ነበር? በግል መሄድ የሚያዋጣው እዚህ ላይ ነው፤ መኪናው ውስጥ ለብቻ በመቀመጥ አይደለም።

አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ከጀመረ በኋላ ዛፍ የሚባል የለም፤ ነፋስ አለ። ሣሩ አጭር ነው፤ ድንጋዩ ከመሬት እንደ ጥርስ ወጥቷል። ከፊታችን ጉብ ያለ ነገር ታየኝና አወቅሁት፤ 19 ዓመት ያየሁት ነው! የመጨረሻውን ዳገት ጨርሼ ላዩ ላይ ስደርስ እንባ ቀረሽ ሆኜ ጋቢዬን አወጣሁ፤ ወጣቱም ፎቶ አነሣኝ። ሽማግሌው ዘንጋቸውን ተደግፈው፣ ደስታዬ እስኪያልቅ ታግሠው ጠበቁኝ።

«ከከተማ የሚታየው ይሄ ነው» አሉ በመጨረሻ። «አናቱ ያ ነው።» ዘንጉ ወደ ኋላ፣ ወደ ሌላ ሸንተረር አመለከተ።

ሰዓቱ ስድስት ከአርባ ነበር። ጉልበቴ በቃኝ ብሏል። ሰባት ተኩል የሚለው ቃል ባይኖር ኖሮ ወይ እዚያው እንቀር ነበር፣ ወይ እስከ ማታ ስንወጣ እንውል ነበር። አሁን ግን ጥያቄው ቀላል ሆነ፦ በ50 ደቂቃ ይደረሳል ወይስ አይደረስም? «በአርባ» አሉ። ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ ደረስን።

ላይ ምንም የለም፤ ድንጋይ፣ ሣርና ነፋስ ብቻ። በስተምሥራቅ አዲስ አበባ በቡናማ ጭጋግ ተሸፍና ተኝታለች፤ ቢሮዬን ፈልጌ አጣሁት። እንጦጦ ከሰሜን ምሥራቅ፣ ፉሪ ከወዲህ፣ የረር ከወዲያ፤ ራቅ ብሎ በደቡብ ምሥራቅ የዝቋላ ደብዛዛ ጥላ። በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ያህል እንደሚቀዘቅዝ አስቀድሜ አንብቤ ነበር፤ ያላሰብኩት ግን በላብ የራሰ የጥጥ ሸሚዝ ነፋስ ሲያገኘው ነው። መለወጫ አልያዝኩም። ጋቢው አዳነኝ። ጠዋት «ይህን ሁሉ ክብደት፣ እትዬ?» ብሎ የሳቀው ወጣት በቀጭን ጃኬቱ ሲንቀጠቀጥ አየሁና አንዱን ጫፍ ሰጠሁት፤ እንደ እናትና ልጅ ተጠቅልለን በሶ ጠጣን። ሽማግሌው ከሻዩ አንድ ስኒ ብቻ ተቀበሉኝ።

ስለ መውረዱ ብዙ አልልም፤ ደስ አይልም። አቀበት ሳንባን ይፈትናል፣ ቁልቁለት ግን ጉልበትንና ጥፍርን። ከመውረዴ በፊት የጫማዬን ክር አጥብቄ ማሰር ነበረብኝ፤ ከቤት ስነሣ ደግሞ ጥፍሬን መቁረጥ። ሁለቱንም አላደረግሁም፤ የቀኝ አውራ ጣቴ ጥፍር እስከ ጥር ድረስ ጥቁር ነበር። ሽማግሌው ዘንጋቸውን ሰጥተውኝ ራሳቸው ባዶ እጃቸውን ወረዱ። አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ መኪናው ጋ ደረስን፤ ሾፌሩ ከመኪናው ሥር ተኝቶ ሆዱን ይመረምር ነበር።

ማታ ወጪዬን መዘገብኩ፤ ልማድ ነው። ዋጋ በየወሩ ስለሚለዋወጥ ቁጥሩን አልጽፍም፤ ድርሻው ግን እንዲህ ነበር፦ ከግማሽ በላይ የሄደው ለዚያ ድንጋይ ለሚስመው መኪና ነው፤ ቀጥሎ ለወጣቱ፤ ከዚያ ለመግቢያ። ጫፍ ላይ ያደረሱኝ ሰው፣ ጉርሻቸውን ጨምሮ፣ ከሁሉም ትንሹን ወሰዱ። ደግሜ ብሄድ ጥሩ መኪና ለብቻው ተከራይቼ፣ መንገድ መሪውን እዚያው ከቦታው ነው የምይዘው፤ ወጣቱንም ለወፎቹ ስል እንደገና እጠራዋለሁ።

ሰኞ ጠዋት ልጅቷ ቡና ይዛ መጣች።

«ደረሱ?»

ወደ መስኮቱ ወሰድኳት። «ያ ጉብ ያለው ይታይሻል?»

«አዎ፤ ሁልጊዜ የሚያሳዩት።»

«እርሱ አይደለም። ከኋላው ነው።»

ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስጠግታ ቆየች። «ከኋላውማ ምንም አይታይም፣ እትዬ» አለችኝ።

«አይታይም» አልኳት፤ ቡናዬንም ተቀበልኳት።