ስፖንጁን ከመለጠፌ በፊት ማወቅ የነበረብኝ

ደሴ በሚገኘው ቤታችን አንዲቱን ክፍል ለክራር ልምምድና ለሙዚቃ ማዳመጫ ለየኋት። ግድግዳዋ ብሎኬት፣ ወለሏ ሴራሚክ፣ ርዝመቷም ወርዷም እኩል 3.5 ሜትር ነው። መሐል ቆሜ ሳጨበጭብ ድምፁ በግድግዳዎቹ መካከል እየተመላለሰ ይርገበገብ ነበር። ስጋጃ አነጠፍኩ፣ ወፍራም መጋረጃ ሰቀልኩ፣ የመጻሕፍት መደርደሪያ አስገባሁ፤ ይህ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነበር፣ ርግብግቡም ቀነሰ።

የተሳሳትኩት ከዚያ በኋላ ነው። ስፖንጅ የሸጠልኝ ነጋዴ «ግድግዳውን በሙሉ አልብሰው፣ ስቱዲዮ ይሆንልሃል» ሲለኝ፣ እኔም አንድ ጥያቄ እንኳ ሳልጠይቅ አራቱንም ግድግዳ 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ስፖንጅ አለበስኩ፤ ስፖንጁ ያልደረሰበትንም በእንቁላል መያዣ ካርቶን ሞላሁ። በዚያው ማታ ስማቸውን ከዚሁ ከወሎ የወሰዱትን የባቲንና የአምባሰልን ቅኝት ዜማዎች ስከፍት የክራሩ ጥራት ታፍኖ ቀረ፣ የዘፋኟም ትንፋሽ ጠፋ። ቤዙ (ወፍራሙ ዝቅተኛ ድምፅ) ግን ምንም አልተነካም፤ እንዲያውም ቤዝ ጊታሩ ጂ የምትባለውን ዝቅተኛ ኖታ በነካ ቁጥር የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጥ ነበር።

ምክንያቱን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 3.5 ሜትር ሄዶ ሲመለስ 7 ሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ 343 ለ7 ሲካፈል በሚገኘው በ49 ኸርዝ (በሴኮንድ 49 ንዝረት) ላይ ራሱን እየደገፈ ይጎላል፣ 49 ኸርዝ ደግሞ ያችው ጂ ናት። ክፍሏ ርዝመቷና ወርዷ እኩል በመሆኑ ሁለቱም አቅጣጫዎች በአንዲት ኖታ ላይ ተደራረቡ። ሰባት ሜትር ለሚረዝም ሞገድ 3 ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ እንደሌለ ይቆጠራል፤ የእንቁላሉ ካርቶንማ ከዚያም ያነሰ ነው።

ሐምሌ ሲገባ የደሴ እርጥበት ከስፖንጁ ኋላ ተጠራቅሞ ሻጋታ አበቀለ። ስነቅለው ማጣበቂያው ቀለሙን ከነልስኑ ይዞት መጣ። ስፖንጅ በቀላሉ ተቀጣጥሎ መርዛማ ጭስ እንደሚያወጣ እያወቅሁ ከኤሌክትሪክ ማከፋፈያው አጠገብ መለጠፌ ዛሬም ያናድደኛል። ነጋዴውን እወቅሰዋለሁ፤ ይበልጥ የምወቅሰው ግን ራሴን ነው።

መፍትሔው የተገኘው ከበግ ጠጉር ነው። እናቴ ጠጉሩን አጥበው፣ በፀሐይ አድርቀውና አፍታተው ሰጡኝ። ከወለል እስከ ኮርኒስ የሚደርሱ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያላቸው የእንጨት ሳጥኖች ሠርቼ፣ ጠጉሩን ሳልጠቀጥቅ ሞልቼ፣ ፊታቸውን በአቡጀዲ ሸፍኜ በአራቱም ማዕዘን አቆምኳቸው፤ ቤዝ የሚጠራቀመው ማዕዘን ላይ ነውና። ከስፒከሮቹ ጋር የመጣው ወረቀት ቤዙ እንዲጎላ ጥግ አስጠጓቸው ይላል፤ ለእንዲህ ያለ ጠባብ ክፍል ይህን ምክር አትስሙት። እኔ ወደ መሐል ሳብኳቸው፣ ወንበሬንም ከኋላው ግድግዳ አራቅሁ፤ ይህ ብቻውን፣ ያለ አንዲት ሳንቲም ወጪ፣ ከስፖንጁ ሁሉ የበለጠ ለውጥ አመጣ። ቀጥሎም ወንድሜ በጎን ግድግዳው ላይ መስተዋት እያንሸራተተ፣ እኔ ከወንበሬ ሆኜ ስፒከሩ የሚታየኝን ቦታ ምልክት አድርጌ፣ እዚያ ብቻ በጠጉር የተሞላ ጠፍጣፋ ሳጥን ሰቀልኩ፤ የስፒከሩ ድምፅ ግድግዳውን መትቶ ወደ ጆሮዬ የሚመጣው ከዚያ ነውና። የቀረው ግድግዳ ባዶውን ነው፤ ክራር ሕይወት የሚያገኘው ክፍሉ ጥቂት ሲመልስለት ነውና።

ጂዋ አሁንም ከሌሎቹ በትንሹ ትጎላለች፤ መስታወቱ ግን አይንቀጠቀጥም።