የቱርቦ ናፍጣ ሞተርን ማኒፎልድ በግቢ ውስጥ አውርዶ መግጠም

ባለ 2.5 ሊትር ቱርቦ ናፍጣ ፒክአፔን የአየር ማስገቢያ ማኒፎልድ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለውን ክፍል) አዳማ በሚገኘው ግቢዬ አውርጄ፣ አጥቤ መልሼ ስለገጠምኩ፣ ይህንኑ ሥራ ለሚያስቡ ያየሁትን ላካፍል። መኪናዋ ዳገት ላይ ጉልበት እያጣች ጥቁር ጭስ ታወጣ ነበር። የአየር ፊልትሮው አዲስ ነው፤ ከቱርቦ የሚወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘው የኢንተርኩለሩ ቱቦዎችም ደህና ናቸው። በተለምዶ ኢጂአር የሚባለውን የጭስ መመለሻ ባልቦላ ስፈታ ግን ከጀርባው ያለው መተላለፊያ በጥቀርሻ ጠብቦ ስላገኘሁት፣ ማኒፎልዱም ከዚያ የተሻለ እንደማይሆን ገመትኩ። ኢጂአር የናይትሮጅን ኦክሳይድን መጠን ለመቀነስ ከጭሱ ከፊሉን ወደ ሞተሩ ይመልሳል፤ የጭሱ ጥላሸት ከሞተሩ ማስተንፈሻ ከሚመጣው የዘይት ተን ጋር ሲገናኝ ግድግዳው ላይ እየተጣበቀ ይወፍራል።

ስለ ማውረዱ ብዙ የሚነገር የለም፤ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈትቶ፣ ፋሼታዎቹን (የቱቦ ማሰሪያ ቀለበቶቹን) አላልቶ፣ የሴንሰሮቹን ሶኬት ነቅሎ፣ ብሎኖቹንና ዳዶዎቹን በ12 ቁልፍ መፍታት ነው። ልዩ ጥንቃቄ የሚሻው አንድ ቦታ ብቻ ነው። በእኔ መኪና ከኮመን ሬይሉ (ናፍጣው በከፍተኛ ግፊት ከሚጠራቀምበት የጋራ ቱቦ) ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር ወደሚረጩት ኢንጄክተሮች የሚሄዱት ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች በማኒፎልዱ ላይ ስለሚያልፉ እነርሱን ሳይፈቱ ማውረድ አይቻልም። ሞተሩ ሲሠራ በውስጣቸው ያለው ግፊት ከ1,000 ባር ሊበልጥ ስለሚችልና ናፍጣው በዚያ ኃይል ቆዳ በስቶ ስለሚገባ፣ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ግፊቱ እስኪወርድ ሳይጠብቁ ቁልፍ ማሳረፍ አይገባም። የተከፈቱትን አፎች ሁሉ ደግሞ ወዲያውኑ በንጹሕ ላስቲክ ማሰር ግድ ነው። አዳማ ዙሪያዋን የነፋስ ተርባይን የተተከለባት ከተማ ናት፤ ነፋሱ አቧራውን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ለኢንጄክተር ደግሞ በዓይን የማይታይ ብናኝ ይበቃዋል።

ማኒፎልዱን ገልብጬ ሳየው ውስጡ እንደ ጭስ ቤት ጣሪያ ጠቁሯል። ኢጂአሩ ከሚገባበት አፍ አጠገብ ጥቀርሻው እርጥብና ወፍራም ሲሆን፣ ወደ ሲሊንደሮቹ በተጠጋ ቁጥር እየደረቀና እየተቀረፈ ይሄዳል። የደረቀው ነው የሚያሰጋው፤ በቴስታታው (በሞተሩ ራስ) በኩል አንዳንዱ ባልቦላ ክፍት ሆኖ ስለሚቆም የተቀረፈው ቁራጭ በቀጥታ ፒስተን ላይ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ አፎቹን በጨርቅ ሳልደፍን በቴስታታው በኩል ምንም አልፋቅኩም። ማኒፎልዱን ሳፋ ውስጥ በናፍጣ ዘፍዝፌ ካሳደርኩ በኋላ በእንጨትና በቡሩሽ ፍቄ፣ በሙቅ ውኃና በኦሞ አጥቤ ፀሐይ ላይ አደረቅኩት። ኮስቲክ ሶዳ ፈጥኖ ያነሣዋል ብለው የሚመክሩ አሉ፤ ሶዳው ግን አሉሚኒየሙንም ይበላል።

ሲገጠም አዲስ ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያው መካከል የሚገባ ማሸጊያ) ያስፈልጋል። በብረቱ ጓርኒሲዮን ላይ ሲሊከን መቀባት የተለመደ ቢሆንም እኔ አልደግፈውም፤ ሲጠብቅ ወደ ውስጥ የሚተርፈው ሲሊከን ተቆርጦ ወደ ሞተሩ ሊገባ ይችላል። ብሎኖቹ ከመካከል ወደ ዳር፣ በደረጃ፣ በመጨረሻም የአምራቹ መመሪያ በሚሰጠው ልክ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ የቶርክ ቁልፍ ይጠበቃሉ።

ብዙ ሰው ሞተሩ ተነሥቶ ጸጥ ብሎ ሲሠራ ሥራውን እንደጨረሰ ይቆጥራል። ቱርቦ በሌለው የቤንዚን ሞተር ማኒፎልዱ ላይ ያለ ቀዳዳ አየር ወደ ውስጥ ስለሚስብ ሞተሩ የጋዝ ፔዳሉ ሳይረገጥ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፤ ስሕተቱም ወዲያው ይታወቃል። በቱርቦ ናፍጣ ግን ቱርቦው አየሩን በግፊት ስለሚያስገባ ያው ቀዳዳ የሚተነፍሰው ወደ ውጭ ነው፣ ያውም ጭነት ሲኖር ብቻ፤ ያን ጊዜ ተለክቶ የገባው አየር ሳይደርስ ናፍጣው ስለሚረጭ ጥቁሩ ጭስ ይመለሳል። ስለዚህ የሚያፈስ ቦታ መኖሩን ለማየት አየር የሚሞላበት የጎማ ቫልቭ በፒቪሲ ቧንቧ ክዳን ላይ ገጥሜ፣ ክዳኑን በቱርቦው መግቢያ ቱቦ ላይ በፋሼታ አሰርኩት። የሞተሩን ማስተንፈሻ ቱቦ ነቅዬ ቀዳዳውን ከደፈንኩ በኋላ ከጎረቤቴ ጎሚስታ በተዋስኩት ኮምፕሬሰር ከ1 ባር ሳላሳልፍ ሞላሁ፤ ክዳኑ ሊፈናጠር ስለሚችል ፊት ለፊቱ አይቆምም። በየመጋጠሚያው የሳሙና ውኃ ስቀባ ማኒፎልዱ ደረቅ ሲሆን፣ የኢንተርኩለሩ መውጫ ላይ ግን ትናንሽ አረፋዎች እየተከታተሉ ወጡ። የላላ ፋሼታ ነበር። በዘይት መሙያው በኩል የሚሰማው ቀጭን ትንፋሽ በፒስተን ቀለበቶች አልፎ የሚመጣ ስለሆነ አያስደነግጥም።

የማኒፎልዱን ግፊት በስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር በሚያነብ መሣሪያ) የሚያነቡ ሰዎች አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ቁልፉ በርቶ ሞተሩ ሳይነሣ ሴንሰሩ የሚያሳየው የከባቢውን አየር ግፊት ነው፤ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዳማ ይህ ወደ 83 ኪሎ ፓስካል ይጠጋል። በባሕር ጠረፍ የሚነበበውን 101 ጠብቆ ጤነኛ ሴንሰር መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው።

ናፍጣውን በእጅ ፓምፑ ሞልቼ፣ አስነሥቼ፣ የኢንጄክተር ቱቦዎቹ ማፍሰስ አለማፍሰሳቸውን በካርቶን እንጂ በእጄ ሳልዳስስ ከመረመርኩ በኋላ ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ ዳገቱን ነዳሁ፤ ኮምፒውተሩ የሚጠይቀውና ሴንሰሩ የሚያነበው ግፊት ተቀራርበው ወጡ፤ ጭሱም ጠፋ። ሞተሩ ደጋግሞ ከሞቀና ከቀዘቀዘ በኋላ ፋሼታዎቹን እንደገና ስፈትሽ ሁለቱ ሩብ ዙር ያህል ተቀበሉ። የራዲያተር ውኃ የሚያልፍበትን የኢጂአር ማቀዝቀዣ ግን ውኃው በሚቀየርበት ጊዜ ላወርደው አቆይቼዋለሁ።