ማን ሞቶባት ነው?

እሑድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አላባራ ብሎ፣ ልቤም ያለ ምክንያት ከብዶብኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ምክንያትስ አልጠፋም፤ የመ. መልእክት ከተነበበ ሦስት ሳምንት ሆኖት፣ መልስ ሳይሰጠው ስልኬ ውስጥ ተቀምጧል። ያንን ላለማየት ቴሌቪዥኑን ስከፍት አንድ የድሮ የካውቦይ ፊልም ተጀምሮ አገኘሁ። እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ ከጎኔ ተቀምጣ ነበር። የተኩሱም ሆነ የፈረሱ ግልቢያ ደንታ አልሰጣትም፤ ጥቁር ቀሚስ የለበሰች ሴት ከሠረገላ ስትወርድ ግን ቀና አለችና፣ «ምነው ልጄ፣ ይቺ ሴትዮ ማን ሞቶባት ነው?» አለችኝ።

እናቴ ለአባቴ የለበሰችውን ከል ያወለቀችው ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ፣ ያውም ዘመድ ተሰብስቦ ለምኗት ስለሆነ፣ በጥቁር ልብስ ጉዳይ ዓይኗ አይስትም። «ባሏ ይሆናል» አልኋት። መልሴ ግን ለእኔው ለራሴ አልበቃኝም። ሴትዮዋ ያለችው በአሜሪካ በረሃ ነው፤ እስከ አንገቷ የተቆለፈው ቀሚስና ፊቷን የሸፈነው ጥቁር ዓይነ ርግብ ግን የበረሃ ልብስ አይደለም። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ባሏ አልበርት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1861 ከሞተ ጀምሮ፣ እርሷ ራሷ በጥር 1901 እስክታርፍ ድረስ፣ አርባ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ጥቁር እንደ ለበሰች ኖራለች። በዚያው በ1861 የተጀመረው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ደግሞ ከስድስት መቶ ሺህ በላይ ሰው ጨርሶ ቤቱን ሁሉ በመበለት ሞላው። ሐዘኑ የየራሳቸው ነው፤ የሐዘኑ ልክ ግን የተቆረጠው እንደ እንግሊዞቹ ወግ ነበር፤ መጀመሪያ ምንም የማያብረቀርቅ ጥቁር ጨርቅ፣ ወራት አልፈው ወራት ሲተኩ ግራጫ፣ ከዚያም ፈዛዛ ሐምራዊ ይፈቀዳል። የእኛ ለቅሶ እንኳ እንዲህ በቀለም ደረጃ አልወጣለትም።

ከዚህ በኋላ ፊልሙን እንደ ፊልም ማየት አልቻልሁም። በልጅነታችን ቪዲዮ ቤት ሳንቲም ከፍለን ስንገባ የምናውቀው ሕግ አንድ ብቻ ነበር፤ አክተሩ አይሞትም። አሁን ግን አክተሩን ትቼ ከኋላው ያለውን የግድግዳ ወረቀት፣ ከባቡር ወርዶ በጭቃ መሐል የሚጎተተውን ፒያኖ፣ በሰደርያው ላይ የተንጠለጠለውን የኪስ ሰዓት ሰንሰለት እቆጥራለሁ። በ1900 ፎርት ወርዝ በተባለችው የቴክሳስ ከተማ አምስት ባቡር ዘራፊዎች የተነሡት አንድ ዝነኛ ፎቶግራፍ አለ፤ ቡች ካሲዲ ከእነርሱ አንዱ ነው። አምስቱም ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ቻርሊ ቻፕሊን የሚያደርገውን ዓይነት ክብ ጠንካራ ባርኔጣ ደፍተው፣ የባንክ ሠራተኛ መስለው ተቀምጠዋል። ያ ባርኔጣ በ1849 ለንደን ውስጥ የተሠራው፣ የጌቶችን አደን የሚጠብቁ ዘበኞች ጭንቅላታቸውን ቅርንጫፍ እንዳይመታቸው ነበር። ዱር ለዱር የሚንከራተት ሽፍታ የሚመኘው የለንደንን ጨዋ መምሰል ከነበረ፣ እኛ ሰፊ ባርኔጣ በካርቶን ሠርተን ማንን መስለን ኖሯል?

ይህን ነገር ጠንቅቆ ያወቀው ክሊንት ኢስትውድ ይመስለኛል። በ1992 በሠራው «አንፎርጊቭን» ውስጥ እንግሊዛዊው ቦብ የሚባል ነፍሰ ገዳይ አለ፤ ባቡር ላይ ተቀምጦ፣ ንግሥት ፊት ሲቆሙ እጅ እንደሚንቀጠቀጥ፣ ፕሬዚዳንትን ግን ማን እንደሚፈራው እየጠየቀ አሜሪካኖቹን ያበሽቃል። ዘመኑ ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ የተተኮሰበት 1881 ነው። በኋላ የከተማው ሹም ቀጥቅጦ ሲያባርረው፣ ያ የመኳንንት አነጋገሩ ከላዩ ይወልቅና የመንደር ዱርዬ ስድብ ከአፉ ይዘንባል። ፊልሙን ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላስታውስም፤ እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ ግን ሁልጊዜ ለሰውዬው አፍርለታለሁ።

ደግሞ ነገሩ በአንድ ወገን ብቻ አልነበረም። በ1887 ቡፋሎ ቢል የሚባለው ሰው ፈረሰኞቹንና የአሜሪካ ቀይ ሕንዶቹን በመርከብ ጭኖ ለንደን ወርዶ ትርኢት ሲያሳይ፣ ከአልበርት ሞት በኋላ ከሕዝብ መዝናኛ ርቃ የኖረችው ንግሥት በዚያ ጥቁር ልብሷ ቁጭ ብላ ተመልክታለች። ሲኒማ ገና አልተፈጠረም። ስለዚህ የካውቦይ ታሪክ በ1903 ወደ ፊልም ሲገባ፣ በቪክቶሪያ ዓይን ፊት ተለማምዶ የመጣ ቴያትር ነበር ማለት ነው። እናቴ ያየቻት ሴት ከሠረገላው የወረደችው ከዚያው ትርኢት ይመስለኛል፤ እርግጥ ይህን ለእናቴ አልነገርኋትም።

ጆን ፎርድ በ1956 የሠራው የካውቦይ ፊልም «ዘ ሰርቸርስ» የሚከፈተው «ቴክሳስ 1868» በሚል ጽሑፍ ነው። 1868 ለእኛ መቅደላ ነው። አክተሩ በመጨረሻ ከቤቱ ደጃፍ ቆሞ፣ ሌላው ሁሉ ገብቶ በሩ ሲዘጋበት፣ ሰው ስለ አሜሪካ ያስባል፤ እኔ ደግሞ በዚያው ዓመት ከመቅደላ ተወስዶ ወደ ቪክቶሪያ አገር ስለ ገባው ልጅ ስለ አለማየሁ አስባለሁ። ከዚያ አሳቤ ወደ አባቱ ይሄዳል። አፄ ቴዎድሮስ በ1862 ለቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ ለንደን ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ደርሶ፣ በጊዜው መልስ ሳያገኝ ቀረ። ሰው የጻፈውን አንብቦ ዝም ማለት ምን ዓይነት ንቀት ነው እያልሁ፣ የሞቱትን ጸሐፊዎች ሁሉ በልቤ ስወቅስ ቆየሁና...

እናቴ ክንዴን ነካ አድርጋ፣ «ታዲያ ሴትዮዋ ከሏን አወለቀች?» አለችኝ። ፊልሙ ካለቀ ቆይቶ ኖሯል። አላየሁትም። ስልኬን አነሣሁ፤ የመ. መልእክት እንደ ተቀመጠ አለ። «ይቅርታ፣ ሐዘን ላይ ስለ ነበርሁ ነው» ብዬ ጀመርሁና አቆምሁ። የማን ሐዘን ብሎ ቢጠይቀኝ፣ የአልበርት ልበለው?