አፋር ለመለመ ስትሉ

በጅቡቲ መንገድ ያለፈ ሰው ሁሉ ፎቶ ይለጥፋል። ከአዋሽ አርባ ወዲያ፣ አሚባራንና ገዋኔን ይዞ ወደ ሚሌ ሲወረድ ብዙ ቦታ ላይ መንገዱ ግራና ቀኝ አረንጓዴ ነው። ከፎቶው ሥር «በረሃው እንዴት ለምቷል!»፣ «እግዜር ይመስገን» የሚል አስተያየት ይደረደራል። ሰዉ ከልቡ ደስ ብሎት ነው የሚጽፈው፣ ይገባኛል። ግን ያ የምታዩት ልምላሜ በአብዛኛው የአንድ ዛፍ ነው። ፕሮሶፒስ ይባላል። የአፋርን ግጦሽ የበላው እሱ ነው።

መጀመሪያ በረሃው ራሱ እንዴት እንደሚኖር ልንገራችሁ፤ እሱ ካልገባን ጉዳቱም አይገባንም። አፋር ውስጥ ዋናው ዝናብ ካርማ ነው፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም። በመጋቢትና በሚያዝያ አካባቢ ደግሞ ሱጉም የሚሉት አነስተኛ ዝናብ አለ። በተረፈው ጊዜ ሜዳው የሞተ ይመስላል፣ ግን አልሞተም። ሣሩ ከላይ ደርቆ ከታች ሥሩ ይጠብቃል፣ ዓመታዊው ሣር ደግሞ በዘርነቱ አፈር ውስጥ ተኝቷል። ዝናብ ሲነካው በቀናት ውስጥ ይነሳል። ግራሩም ተራርቆ የሚበቅለው በምክንያት ነው፤ ውሃው ለሁሉም ስለማይበቃ እያንዳንዱ ዛፍ ሥሩን ዘርግቶ የራሱን ድርሻ ይይዛል፣ በመሃሉም ለሣር ቦታ ይተርፋል። ከግራሩ ጥላ ሥር ሣሩ ይሻላል፣ በድርቁ ወራት ደግሞ ፍሬው ረግፎ ፍየልና ግመል ይመግባል። አርብቶ አደሩ ይህን ሁሉ ያውቃል። ዝናብ ወደ ጣለበት ይሄዳል፣ ሲደርቅ ወደ አዋሽ ዳር ይመለሳል።

አዋሽ ዳር የሚለውን ያዙልኝ። አዋሽ ባሕር የማይደርስ ወንዝ ነው፤ እዚያው በረሃው ውስጥ፣ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። በመንገዱ የሚያጠጣው ረግረግና ዳርቻ ለአፋር ከብት የክፉ ቀን መጠለያ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ምርጡ የወንዝ ዳር መሬት ለጥጥ እርሻ፣ በኋላም ለሸንኮራ ተወሰደ። አርብቶ አደሩ ገና ዱሮ ተገፍቷል ማለት ነው። ፕሮሶፒስ የመጣው በዚህ ላይ ነው።

ዛፉ የአሜሪካ አህጉር ተወላጅ ነው። አፋር የገባው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ ነው፣ በመካከለኛው አዋሽ የመስኖ እርሻዎች አካባቢ። ያመጡት ሰዎች ክፉ አላሰቡም። በረሃማነት ያሰጋ ነበር፣ ማገዶ ያስፈልግ ነበር፣ ነፋስ የሚከላከል፣ ጨው የሚችል፣ ድርቅ የማይበግረው፣ ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ተፈለገ። ፕሮሶፒስ እነዚህን ሁሉ ያሟላል። ችግሩ ልኩን ጠብቆ የሚያቆመው ነገር አለመኖሩ ነው። በአገሩ ዘሩን የሚበሉ ነቀዞች፣ ቅጠሉን የሚያጠቁ ነፍሳት አሉት፤ እዚህ ብቻውን ነው የመጣው። አፋሮች «ደርጊ ሃራ» ይሉታል፣ የደርግ ዛፍ ማለት ነው። ማን እንዳመጣባቸው አልረሱም።

አሁን እንዴት እንደሚስፋፋ ተመልከቱ። ፍሬው እንደ ፎሶልያ ረዘም ያለ፣ ቢጫና ጣፋጭ ነው። ቅጠሉን ከብት አይወደውም፣ ፍሬውን ግን ይሻማበታል። ሥጋው ሆድ ውስጥ ይፈጫል፣ ዘሩ ግን ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ ብዙው ሳይነካ ያልፋል። እንዲያውም የሆድ አሲድ ቅርፊቱን ስለሚያለሰልሰው ለመብቀል ይቀለዋል። ከዚያ እርጥብ እበት ውስጥ፣ ማዳበሪያ ተጨምሮለት፣ አዲስ መሬት ላይ ይወድቃል። አስቡት፣ ያ ግጦሽ ፍለጋ የሚደረገው ጉዞ፣ ያ አርብቶ አደሩን ለዘመናት ያኖረው እንቅስቃሴ፣ ዛሬ ዘሩን ከወንዝ ወደ ሜዳ፣ ከሜዳ ወደ መንደር የሚያደርሰው እሱ ሆኗል። ከርከሮም ያግዛል። የአዋሽ ጎርፍም ያግዛል።

አንዴ ከያዘ ደግሞ ጥቅጥቅ ይላል። እሾህ ስለሆነ ሰውም ከብትም አይገባበትም። ከሥሩ ሣር አይበቅልም፤ ጥላው አለ፣ ውሃውን ይሻማዋል፣ ከቅጠሉ የሚወጣው ነገርም የሌሎችን ተክሎች ዘር እንዳይበቅል ይጫነዋል። ግራሩ ራሱ ቀስ በቀስ መተኪያ ያጣል፣ ችግኙ ብርሃን አያገኝማ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የሳተላይት ጥናት ዛፉ አፋር ውስጥ 1.2 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ እንደያዘ አስልቷል፣ ከክልሉ ስፋት 12 በመቶ ያህል ማለት ነው። ቁጥሩ ብቻውን ሙሉውን አይናገርም። የያዘው ድንጋዩን፣ የእሳተ ገሞራ ሜዳውን፣ የጨው ምድሩን አይደለም። ወንዝ ዳሩን፣ ጎርፍ የሚተኛበትን፣ ለም የሆነውን መሬት ነው የመረጠው። ሥሩ ከርሰ ምድር ውሃ ድረስ ይወርዳል፣ ዓመቱን ሙሉ ይጠጣል። የአገሩ ሣር በድርቅ ጊዜ መጠጣት ያቆማል፣ እሱ አያቆምም። ሌላ ጥናት በክልሉ ፕሮሶፒስ በዓመት ከ3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ወደ አየር እንደሚያተን ገምቷል። ይሄ እንግዲህ ውሃ ብርቅ በሆነበት አገር ነው።

የከብቱን ነገር ደግሞ ከአርብቶ አደሮቹ ስሰማ ነው ይበልጥ ያመመኝ። ፍሬውን አብዝቶ የበላ ከብት ሆዱ ይታመማል፣ የሚሞትም አለ። ፍሬው ስኳሩ ብዙ ስለሆነ የፍየል ጥርስ ያበላሻል። እሾሁ ኮቴ ገብቶ ያሽመደምዳል። ጅብ ጥሻው ውስጥ ተደብቆ ይውላል። እና ሣር ስለጠፋ ላም ማርባት እየከበደ፣ ቤተሰቡ ወደ ግመልና ፍየል ይዞራል፤ ይሄ ለአፋር ቤት የወተቱንም የክብሩንም ነገር የሚለውጥ ጉዳይ ነው። ኬንያ፣ ባሪንጎ ውስጥ የኢል ቻሙስ ማኅበረሰብ በዚሁ ዛፍ ምክንያት መንግሥትን ከሶ ነበር። ጥርሷ ያለቀ ፍየል ይዘው ናይሮቢ ፍርድ ቤት ቀረቡ። ከዚያ የበለጠ ምን ማስረጃ አለ?

የዱር እንስሳቱም እንዲሁ ነው። ሳላና የሜዳ አህያ ገላጣ ሣራም ሜዳ ይፈልጋሉ፤ አውሬ ከሩቅ ማየት አለባቸው፣ ሲመጣም መሮጫ ያስፈልጋቸዋል። የአላይደጌ ሜዳ ግሬቪ የሚባለው የሜዳ አህያ ዘር ከቀረባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። ያ ሜዳ ጥሻ ሆነ ማለት ለነሱ ቤታቸው ተዘጋ ማለት ነው።

«ታዲያ እንጠቀምበት፣ ከሰል እናድርገው» የሚል ሐሳብ ብዙ ጊዜ ይነሳል። በጥሩ ልብ የተሞከረ ነገር ነው፣ ፍሬውን ፈጭቶ መኖ ማድረጉም ደህና ሐሳብ ነው፤ ሲፈጭ ዘሩ ይሰባበራል፣ ስለዚህ አይበቅልም። የከሰሉ ነገር ግን እንደታሰበው አልሄደም። ከሰል አክሳይ የሚፈልገው ግንዱን ነው፣ ስለዚህ ከላይ ቆርጦ ይሄዳል። ፕሮሶፒስ ደግሞ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ አንድ ግንድ የነበረው ብዙ ቀንበጥ ሆኖ ይመለሳል። ከዚያም በላይ በፕሮሶፒስ ስም ግራር እየተቆረጠ ገበያ ገብቷል፣ የግራር ከሰል ተፈላጊ ነዋ። ደግሞም አንድ ነገር ገቢ ከሆነ ማን እንዲጠፋ ይፈልጋል? እኔ በበኩሌ ከሰሉን ብቻ መፍትሔ ብሎ ማቅረብ ትክክል አይመስለኝም።

የሚሠራው ሥራ አድካሚ ነው። ቡቃያው የሚነሳው ከሥሩ አንገት ስለሆነ ከመሬት በታች ቆፍሮ መንቀል ያስፈልጋል። ነቅሎ መሄድም አይበቃም። አፈሩ ውስጥ የተኛ ዘር አለ፣ በሚቀጥለው ዝናብ ይበቅላል፣ ስለዚህ ቦታው ወዲያው ሣር ሊዘራበት፣ ለዓመታትም ሊጠበቅ ይገባል። ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ ለመመንጠር በጀት ይገኛል፣ ለመጠበቅ ግን አይገኝም። መሬቱ ሲጸዳ ማን ይጠቀምበታል የሚለው ደግሞ ቀድሞ ካልተወሰነ፣ አርብቶ አደሩ ለራሱ ግጦሽ ብሎ ያጸዳው መሬት ለሌላ እርሻ እንደማይሰጥ ምን ዋስትና አለው? የጥጡን ዘመን ያየ ሰው ይህን መጠየቁ ትክክል ነው። ደቡብ አፍሪካ ዘሩን የሚበላ ነቀዝ፣ አውስትራሊያ ደግሞ ቅጠሉን የሚያጠቃ የእሳት ራት ካጠኑ በኋላ ለቀዋል። እኛም በጥንቃቄ ልናስብበት የሚገባ ነው፣ ቢሆንም የቁፋሮውን ሥራ አይተካም።

ዛፉ አሁን ከአፋር ወጥቷል። ድሬዳዋና ሶማሌ ክልል አለ፣ በራያና በሸዋ ሮቢት በኩል ያሉ ቆላማ ቦታዎችም ላይ ታይቷል። እዚያ ያላችሁ፣ ወይም ቤተሰብ ያላችሁ፣ ይህን ንገሯቸው። ቅጠሉ ደቃቅ፣ እሾሁ ብዙ ጊዜ ጥንድ ጥንድ፣ አበባው ረዘም ያለ ቢጫ ነው። ለአጥር ይሆናል ብላችሁ አትትከሉት። ከተወረረ አካባቢ የመጣ ከብት ወደ ንጹሕ ግጦሽ ከመልቀቃችሁ በፊት ጥቂት ቀን በረት አቆዩት፣ እበቱንም አንድ ቦታ ሰብስቡ። እርጥብ መሬት ላይ ያለ ትንሽ ችግኝ በእጅ ይነቀላል። ትልቅ ከሆነ ግን ቆፍሩ፣ ከላይ አትቁረጡት።